ቀባሁት እንጂ አላጠፋሁትም

ስልኩ ሲጮህ ምሳ ላይ ነበርኩ። ዕለቱ ዓርብ ነው። ጎንደር ፒያሳ ካለች አንዲት ጠባብ ምግብ ቤት ተቀምጬ በያይነቱን ገና መጀመሬ ነው። የደወለው አዲስ አበባ ያለው የሥራ ባልደረባችን ነው። ሰላምታውን እንኳ በወጉ አልጨረሰም።

«የላክሽውን ኤክሴል ከፈትኩት» አለኝ። «34ኛው ረድፍ ላይ ያለው ሰውዬ ሕመሙ ምን እንደሆነ ልንገርሽ?»

ክው አልኩ። 34ኛው ረድፍ ጥቁር ነበር። ያጠቆርኩት ራሴ ነኝ።

የምሠራው እዚሁ ጎንደር፣ አንድ የጥብቅና ቢሮ ውስጥ በሕግ ረዳትነት ነው። ቢሯችን ያለው በጣሊያን ጊዜ በተሠራ ፎቅ ላይ ነው፤ ደረጃው ይንቋቋል፣ ክረምት ላይ ጣሪያው ያፈስሳል። የዘወትር ሥራችን የመሬትና የውርስ ክርክር ነው። አልፎ አልፎ ግን አዲስ አበባ ካለ አንድ ትልቅ ቢሮ ጋር እንሠራለን። ያን ሰሞን እነሱ አንድ የግልግል ዳኝነት ጉዳይ ይዘው ነበር፤ በመንገድ ሥራ ተቋራጭና በንዑስ ተቋራጩ መካከል። ሰነዱ በአብዛኛው አማርኛ ስለሆነ፣ አንብቦ የመለየቱና መሸፈን ያለበትን የመሸፈኑ ሥራ ለእኛ ደረሰን።

ከሁሉም የከፋው የደመወዝ ፋይሉ ነው። ሌላኛው ወገን «ወረቀት አልፈልግም፣ ኤክሴሉን እንዳለ ስጡኝ» አለ። አይፈረድበትም። ኤክሴል ሲታተም ቀመሩ ይጠፋል። ሰንጠረዡ በመቶ ገጽ ይበታተናል፤ አንዱ ድምር ከየት እንደመጣ ማንም አያውቀውም። የሰነድ ሰዎች ኔቲቭ የሚሉት ይህንን ነው፤ ፋይሉ እንደተፈጠረ፣ በራሱ መልክ። ችግሩ ውስጡ የሠራተኛ ስም፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥርና የሕመም ፈቃድ ምክንያት መኖሩ ነው። እነዚህ ተሸፍነው እንዲሰጡ ሁለቱ ወገኖች ተስማምተዋል።

እኔ ምን አደረግሁ? ሴሎቹን ጥቁር ቀለም ሞላኋቸው። ፊደሉንም ጥቁር አደረግሁት። ሁለት ዓምዶችን ደበቅሁ። ፋይሉን በአዲስ ስም አስቀምጬ ላክሁ። እንዴት እንደኮራሁ!

«ጥቁሩን ሴል ጠቅ አድርጊውና ከላይ ያለችውን ረጅም መስመር እያት» አለኝ ልጁ። ቢሮ ሮጬ ተመለስኩ። ጠቅ አደረግሁ። ስሙ፣ ሕመሙ፣ የሐኪሙ አስተያየት ሁሉ ቁልጭ ብሎ ይነበባል። የደበቅኋቸው ዓምዶችም በቀኝ ጠቅታ ብቅ አሉ። ይባስ ብሎ አንዱ ገጽ ላይ ፒቮት የሚባለው፣ ዳታን አጠቃሎ የሚያሳይ ሠንጠረዥ ነበር። ፒቮት የመነሻውን ዳታ ቅጂ ሆዱ ውስጥ ይይዛል። ዋናውን ገጽ ብትሰርዙት እንኳ እሱ ሊያስታውሰው ይችላል። የማውቀው መስሎኝ የነበረው ኤክሴል እንግዳ ሆነብኝ።

ደግነቱ ልጁ ለሌላኛው ወገን ከማስተላለፉ በፊት ከፍቶ አይቶታል። ሊያጽናናኝ ብሎም አንድ ነገር ነገረኝ። በጥር 2019 እንደ ፈረንጆቹ፣ የዶናልድ ትራምፕ የምርጫ ዘመቻ ኃላፊ የነበረው የፖል ማናፎርት ጠበቆች ለአሜሪካ ፍርድ ቤት ያስገቡት ፒዲኤፍ ላይ ጥቁር መስመር ደርበው ነበር። ጋዜጠኞች ጥቁሩን ኮፒ አድርገው ሌላ ቦታ ሲለጥፉት ጽሑፉ ወጣ። አጽናናኝ ማለት ይከብዳል። እነሱ ግን በዓለም ሁሉ ፊት ነው የተዋረዱት፤ እኔ በአንድ ሰው ፊት ብቻ።

ለጋሼ መናገር ነበረብኝ። ጋሼ የቢሮው ባለቤት ናቸው። ልጅ ሆነው ቅኔ ቤት ገብተዋል፤ ኮምፒውተር ግን እስካሁን «ያ ማሽን» ነው። ተናደው ይጮኻሉ ብዬ ስጠብቅ፣ መነጽራቸውን አውልቀው ዝም ብለው አዩኝ።

«ሰሙን ነው የቀባሽው» አሉኝ። «ወርቁ እዚያው ተቀምጧል።»

ቀጥለው የሕጉን ነገር አነሡ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የሰው የጤና መረጃ ልዩ ጥንቃቄ የሚሻ መሆኑን፣ ጥፋቱም የመኪና ጭረት እንዳልሆነ። አንገቴን ደፋሁ።

ከሰዓት በኋላ አዲስ አበባዎቹ በሚሠሩበት የሰነድ መመርመሪያ ፕሮግራም ላይ መግቢያ ሰጡኝ። ጠበቆች ብዙ ሰነድ የሚመረምሩበትን ሪላቲቪቲ የሚባል ፕሮግራም የመሳሰለ ነው። ልጁ በስልክ እየመራ አሳየኝ። ዋናው ፋይል ሰርቨሩ ላይ ሳይነካ ይቀመጣል። እኔ ሴሎቹን እመርጣለሁ፣ ለምን እንደሸፈንኩ ምክንያት እሰጣለሁ። ቅጂው ሲወጣ ሴሉ ውስጥ የነበረው ነገር ወጥቶ በቦታው «ተሸፍኗል» የሚል ይገባል። ከሥሩ ምንም የለም። ማን፣ መቼ፣ የትኛውን ሴል እንደሸፈነም ይመዘገባል። ማስታወሻዎች፣ የተደበቁ ገጾች፣ የፋይሉ ጸሐፊ ስም፣ እነዚህን ሁሉ አንድ በአንድ እንዳይ አደረገኝ። ኢንተርኔቱ ይንቀራፈፋል፤ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። በላፕቶፑ ባትሪና በስልኬ ዳታ ቀጠልኩ።

ፕሮግራሙ ስሞችን ፈልጎ በጅምላ ይሸፍናል። እዚህ ላይ ነው አማርኛችን ጉድ ያፈላው።

አንዱ ሠራተኛ ኃይሉ ይባላል እንበል። አንዱ ጸሐፊ «ኃይሉ»፣ ሌላው «ሃይሉ»፣ ሦስተኛው «ሀይሉ» ብሎ ጽፎታል። ለፕሮግራሙ እነዚህ ሦስት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። «ኀይሉ» እና «ሐይሉ» ሲጨመሩ አምስት ሆኑ። «ሠ» እና «ሰ»፣ «ዐ» እና «አ»፣ «ፀ» እና «ጸ»ም እንደዚያው። በዚያ ላይ «የ»፣ «ለ»፣ «በ»፣ «ከ» ከስሙ ጋር ይጣበቃሉ። ሙሉ ቃል ብቻ ፈልግ ካልኩት «ለኃይሉ የተከፈለ» የሚለውን ያልፈዋል። የቃሉን ክፍልም ፈልግ ስለው ደግሞ ያልተጠየቀውን ሁሉ ያጠቁራል። የማሽነሪ ማስታወሻው ዓምድ ላይ «የሞተሩ ኃይሉ ቀንሷል» የሚለው ምስኪን ዓረፍተ ነገር ሠራተኛ መስሎት ተሸፈነ።

ሳቄ የመጣው ግን ሌላው ላይ ነው። ብርሃን የሚባል ሠራተኛ አለ። አሸዋ የጫነች መኪና የት እንደተበላሸች የሚገልጽ መስመር ላይ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ተጽፎ ነበር። ፕሮግራሙ መሐሉን ሸፈነው። ጣሪያው ላይ ያን ሁሉ የመላእክት ፊት ያሳለ ቤተ ክርስቲያን መሐል ስሙ ተቆርጦ «ደብረ ተሸፍኗል ሥላሴ» ሆኖ ቀረ። አማተብኩ።

መፍትሔው ሙያ የሚጠይቅ አልነበረም፤ ትዕግሥት ነው። ለእያንዳንዱ ስም የአጻጻፉን ዝርዝር ሠራሁ። ከዚያ ፕሮግራሙ ያገኘውን ሁሉ በዓይኔ አይቼ አጸድቃለሁ ወይም እመልሳለሁ። ቅዳሜን ሙሉ ፈጀብኝ። ሰው ገበያ ሲወጣ እኔ ሀሌታውን ሀ ከብዙኃኑ ኀ ስለይ ዋልኩ።

ሰኞ ጠዋት ቅጂውን አትሜ ለጋሼ ሰጠኋቸው። ያን ማሽን አይነኩም ብያለሁ። በእስክሪብቶ እየጠቆሙ አነበቡ። አንድ ትንሽ ገጽ ላይ ቆዩ። የአምስት ባለሙያዎች ክፍያ ነው፤ የአንዱ መጠን በስምምነት የተሸፈነ፣ የአራቱ ግልጽ፣ ከሥር ድምር 186,400 ብር።

«የአራቱ ስንት ይሆናል?» አሉኝ።

ደመርኩ። «141,400።»

እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «እንግዲህ የሸፈንሽው ሰውዬ 45,000 ነው የሚወስደው። ለዚህ ማሽን ምን ያደርጋል? ማንም ባለሱቅ ይቀንሰዋል።»

ላብ አሰመጠኝ። አንድ ቀን ሙሉ ፊደል ስፈትሽ መቀነስ የሚባል ነገር በሐሳቤ አልመጣም። ለአዲስ አበባው ልጅ ስደውልለት እሱም ዝም አለ። ከዚያ አስረዳኝ። አንዳንዱ ፕሮግራም ላይ ቀመሩ ሕያው ሆኖ ስለሚቀር የተሸፈነው ሴል ከድምሩ ይወጣል፤ ድምሩም ሐሰት ይሆናል። ያም ሌላ ጣጣ ነው። የእኛው ላይ ግን ቁጥሩ እንደነበረ ቀርቷል፤ ያወጣብንም እሱ ነው። ድምሩንም ሸፍነን፣ ለምን እንደተሸፈነ ምክንያቱን ጻፍን፤ ለሌላኛው ወገንም በደብዳቤ ተነገረ።

ከሰዓት በኋላ የመጨረሻውን ቅጂ ላክሁና ስልኬን ይዤ ተቀመጥኩ። ብዙ አልቆየም፤ ልጁ ደወለ።

«34ኛውን ረድፍ ጠቅ አደረግሁት» አለኝ።

«እሺ?»

«ተሸፍኗል ይላል። ረጅሟም መስመር ላይ እንደዚያው ነው።»

«ሰውዬውስ እንዴት ነው?»

«እኔ ምኑን አውቄ!»