ለምርት ክፍል ኃላፊያችን ኮች የቀጠርንበት መንገድ

አቃቂ ቃሊቲ ውስጥ ካርቶን በሚያመርት ፋብሪካ የሰው ሀብት ኃላፊ ነኝ። የምርት ክፍል ኃላፊያችን የማሽኑን ችግር በድምፁ የሚለይ ሰው ነው፤ ከሰው ጋር ግን አይግባባም። ጎበዝ ኦፕሬተሮች ተራ በተራ እየለቀቁ ገላን ወዳሉ ፋብሪካዎች ሲሄዱ ሥራ አስኪያጁ «ሥልጠና ላከው» አሉኝ። ሥልጠናማ ልከነው ነበር፤ ሰርተፊኬቱ ቢሮው ውስጥ ተሰቅሏል። እኔ ያቀረብኩት ኮች እንዲቀጠርለት ነው፦ ለብቻው እያገኘ፣ ምክር ከመደርደር ይልቅ እየጠየቀ፣ ለወራት የሚከታተለው ሰው።

ወሬው ሲሰማ «ደግሞ ሌላ ካይዘን መጣ» ተባለ። አይፈረድባቸውም። ይህን ሥራን ቀስ በቀስ የማሻሻል የጃፓኖች ዘዴ የሚያስፋፋው የካይዘን ኢንስቲትዩት በ2004 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ የኛም ግድግዳ ከሰሌዳ አላረፈም።

ኮች ስመርጥ መጀመሪያ የጠየቅሁት የሥራ ሰዓት ነው። ዓለም አቀፉ የኮቺንግ ፌዴሬሽን ለመጀመሪያው ደረጃ ቢያንስ 100፣ ለቀጣዩ 500 ሰዓት የኮቺንግ ልምድ ይጠይቃል። ሰዎቹን የለየልኝ ግን ሌላ ጥያቄ ነው፦ «ከሱ ጋር ካወራችሁት ለኛ ምኑን ትነግሩናላችሁ?» አንዱ ደስ ሊያሰኘኝ ብሎ «በየሳምንቱ ዝርዝር ሪፖርት» አለኝ። አመስግኜ ሸኘሁት። የቀጠርናት «ምንም» ያለችውን ነው።

ከሥራ አስኪያጁ ጋር ትልቁ ክርክር የተነሳው እዚህ ላይ ነው። «ከፋዩ እኔ፣ የማልሰማው እኔ!» አሉ። የሚናገረው ሁሉ አለቃው ጆሮ እንደሚገባ እያወቀ የልቡን የሚያወራ ሰው እኔ አላየሁም። በመጨረሻ ሦስቱም ወገኖች አንድ ገጽ ስምምነት ፈረሙ። ድርጅቱ የሚያውቀው ግቡንና መገናኘት አለመገናኘታቸውን ብቻ ነው፤ ስለ ለውጡ የሚናገረው ኃላፊው ራሱ ነው፣ ሦስቱም በተገኙበት።

ቀጥሎ ከበታቾቹ አስተያየት መሰብሰብ መጣ። የተለመደው ስም የሌለበት መጠይቅ ነው። እኛ ጋ አንድ ፈረቃ ጥቂት ሰው ነው፤ የእጅ ጽሑፍ ይታወቃል፤ ስለዚህ ሁሉም «በጣም ጎበዝ ናቸው» ብሎ ይሞላል። ኮቿ መጠይቁን ትታ ቃሊቲ ቶታል አካባቢ ካለ ቡና ቤት እየተቀመጠች አንድ በአንድ አናገረቻቸው። የማንንም ቃል እንዳለ ሳታነሳ ፍሬ ነገሩን ብቻ ይዛለት ሄደች።

የምትከተለው መንገድ ጆን ዊትሞር የተባለ የቀድሞ የመኪና እሽቅድድም ተወዳዳሪ እንግሊዝ አገር ከባልደረቦቹ ጋር ያዳበረው ነው፦ ግብህ ምንድነው፣ አሁን የት ነህ፣ ምን አማራጭ አለህ፣ የትኛውን ታደርጋለህ። ወረቀት ላይ ሳየው ይሄን ማን ያጣዋል ብዬ ነበር። ያመንኩት ማሽኑ አጠገብ ነው።

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ፈረቃ ሲቀያየር ኮቿ ጥግ ይዛ ታያለች። ማሽን ቆሞ ካደረ የሱ የመጀመሪያ ቃል «ማነው ያቆመው?» ነበር። መልሱም ወይ ዝምታ ነው፣ ወይ «እኔ ስገባም ቆሞ ነው ያገኘሁት»። ግቡን ራሱ መረጠ፦ «ማነው»ን ትቶ «ምን አያችሁ?» ሊል፣ ከዚያ እስኪመልሱለት ዝም ሊል። የከበደው ዝም ማለቱ ነው፤ መፍቻ በእጁ እያገላበጠ ሲቆም ሳቄን እይዝ ነበር። አንድ ጠዋት ካርቶኑ እየተላቀቀ ወጥቶ፣ ያንኑ ጠየቀ። ሁሉም አቀረቀሩ። ቆየት ብሎ ከኋላ አንዲት ልጅ «ኮላው ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ጀምሮ ቀጥኖ ነበር፣ ኢንጂነር» አለች። «ታዲያ ለምን አልተናገርሽም!» አፉ ላይ ደርሶ ሲመለስ በዓይኔ አየሁት። ዋጥ አደረገውና «መቅጠኑን በምን አወቅሽ?» አላት። ወደ በርሜሉ ወስዳ አሳየችው።

ማርፈድ ላይ ውጤቱ ግማሽ ነው። ከኮዬ ፈጬና ከቱሉ ዲምቱ የሚመጡት ታክሲ ሰልፍ ላይ ይቀራሉ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 በጽሑፍ እየተነገረው በስድስት ወር ውስጥ ስምንት ጊዜ ያለ በቂ ምክንያት ያረፈደን ማሰናበት ስለሚፈቅድ፣ እሱ ማስጠንቀቂያውን እንደ ቅጽ ያድል ነበር። አሁን ከመጻፉ በፊት ሰውየውን ያናግራል። ደብዳቤው ቀንሷል፤ ማርፈዱ ግን ያው ነው፣ ታክሲ ኮቺንግ አይሰማማ! የኦፕሬተሮች መልቀቅም ረገብ አለ እንጂ አልቆመም፤ የቀረው የደመወዝ ጉዳይ ነው፣ እሱን በኮች ለመሸፈን አይሞከር።

ልትሞክሩት ካሰባችሁ፣ ልታሰናብቱት ለወሰናችሁት ሰው ኮች አትመድቡ። ከዚያ በኋላ ኮች የተመደበለት ሁሉ ተራዬ ደረሰ ብሎ ሲቪውን ማስተካከል ይጀምራል። አሁን የመጋዘን ኃላፊው ተራ ነው። ሳነጋግረው መጀመሪያ የጠየቀኝ ያቺን የተፈረመች ገጽ እንዳሳየው ነው።