ሰላዩን ማን አለበሰው?

እዚህ ጎንደር በተቀረጸ አንድ አጭር አስቂኝ የስለላ ፊልም ላይ ረዳት ዳይሬክተር ሆኜ ሠርቼ ነበር። ታሪኩ የተቀመጠው 1955 ዓ.ም. ላይ ነው። አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ሊመሠረት ትንሽ ሲቀረው፣ አንድ ጉረኛ ሰላይ የጠፋ ሰነድ ፍለጋ ጎንደር ይመጣል። ሎኬሽን አላስቸገረንም። ፒያሳ ላይ ጣሊያን ሠርቶት የሄደው ፖስታ ቤት ፊት አንድ አሮጌ ፊያት ካቆምክ ሌላ ብዙ ነገር አያስፈልግህም (ፊያቷን ለማስነሳት ግን ሰፈሩ ሁሉ ይገፋል)።

ችግሩ ስክሪፕቱ ነው። ሰላዩ ወንድ፣ አለቃው ወንድ፣ ረዳቱ ወንድ። ሴት አንዲት ብቻ አለች፤ ውስኪ ትቀዳለች፣ ሽጉጥ ስታይ ራሷን ትስታለች። ሰነዱን የሰረቀው ደግሞ የኮንትሮባንድ ነጋዴ ነው። ስም እንኳን አልተሰጠውም፤ «ባለጥምጥሙ» ይላል ወረቀቱ።

ልብስ ለማሰፋት የጎንደር ሙስሊሞች ሰፈር አዲስ ዓለም ወዳሉ አንድ ሽማግሌ ሄድን። ሐጂ ነው የምንላቸው። የዋናውን ተዋናይ ትከሻ እየለኩ በጠመኔ ጨርቁን ምልክት ያደርጋሉ። ድንገት ዓይናቸው ከዕቃችን መሀል ጥምጥሙ ላይ አረፈ።

«ይሄኛው የማን ነው?»

«የሌባው ነው ሐጂ።»

ሜትሩን አንገታቸው ላይ ጣል አደረጉት። «እሺ። ይሄ ጀግናችሁ ያኔ ጎንደር ቢመጣ ኮቱን ማን ይሰፋለት ነበር?»

ዝም አልን።

«እኛ ነና! ሰው ኪሱ ውስጥ ምን እንዳለ ከሚስቱ ቀድሞ የሚያውቀው ልብስ ሰፊ ነው። እናንተ ሌባ አደረጋችሁን።»

ዳይሬክተሩ ክፉ ሰው አይደለም። ግን ወዲያው ያችን የተለመደች መልስ አመጣት፤ ዘመኑ እንደዚያ ነበር፣ ታሪክ አልቀይርም አለ። ማስረጃ ብሎ የጠራው በፈረንጆቹ 2015 የወጣውንና ታሪኩ በ1963 የሆነውን «ዘ ማን ፍሮም አንክል» የተባለውን የስለላ ፊልም ነው። አንድ አሜሪካዊ፣ አንድ ሩሲያዊ፣ ሁለቱም ነጭ ወንድ፣ በቃ።

ተዋናይቷ ሳቀች። «እዚያ ፊልም ላይ እኮ መካኒኳ ሴት ናት። የክፉዎቹም አለቃ ሴት ናት። አንተ እኔን ውስኪ አስቀዳኸኝ።»

እኔም ዝም ማለት አልቻልኩም። የስለላ ድራማው «ሚሽን ኢምፖሲብል» በቴሌቪዥን ሲጀምር በፈረንጆቹ 1966 ነው፤ የቡድኑ የኤሌክትሮኒክስ ሊቅ ሆኖ የሚጫወተው ጥቁሩ ግሬግ ሞሪስ ነበር። ያውም ያ ሥራ ስለ ዘመኑ የተሠራ ሳይሆን በዘመኑ የተሠራ ነው! ወደ እኛ ስንመጣማ ታሪኩ ራሱ ስክሪፕቱን ያሳፍረዋል። በጣሊያን ጊዜ ጠላት መሀል ተቀምጠው መረጃና ጥይት ያሾልኩ የነበሩት የውስጥ አርበኞች ሰላይ ካልሆኑ ማን ነው ሰላይ? ከነሱ ስመ ጥሯ ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ ተይዘው፣ ተገርፈው፣ ጣሊያን አገር አዚናራ ደሴት ድረስ ተግዘዋል። ጎንደር ራሷ በእኛ አቆጣጠር በ1940ዎቹ የተከፈተ የጤና ኮሌጅ ነበራት፤ ነርሶቹ ገጠር ለገጠር ይዞሩ ነበር። የአዲስ ዓለም ሙስሊም ደግሞ ከአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን ጀምሮ እየሸመነና እየነገደ እዚሁ ኖሯል። ይሄን ሁሉ ጠራርገህ አውጥተህ የቀረውን ታሪክ ነው ስትል ትንሽ አይከብድም?

ተጨቃጨቅን። አመሻሽ ላይ ዳይሬክተሩ «በሉ ጻፉት» አለ፣ ፊቱ ሳይፈታ። ተዋናይቷ ነርስ ሆነች፤ ሰነዱም በመድኃኒት ቦርሳዋ ይጓዛል። ባለጥምጥሙ ልብስ ሰፊ ሆነ። አዲሱ ትዕይንት ላይ ልብስ ሰፊው ሜትሩን ይዞ ከኋላ ይመጣና «እጅዎን ወደ ላይ!» ይላል። ሰላያችን የተያዘ መስሎት ስሙን፣ አለቃውን፣ የይለፍ ቃሉን፣ የሆቴል ክፍሉን ሳይቀር ይዘረግፋል። ልብስ ሰፊው ብብቱን ለክቶ ቁጥሩን ይጽፋል፤ «ሌላስ?» ይላል። ካሜራ ማኑ እየሳቀ ምስሉን ስላንቀጠቀጠው ደግመን ቀረጽነው። በፊት ሳቁ ሁሉ ጥምጥሙ ላይ ነበር። አሁን ጉረኛው ላይ ሆነ፤ የስለላ ኮሜዲ መሳቅ ያለበትም በሱ ነው።

ከዚያ ዳይሬክተሩ በተራው አበዛው። ሁሉም ይግባ ብሎ፣ እዚሁ ጎንደር አጠገብ ካለችው ከወለቃ የመጣች አንዲት ቤተ እስራኤላዊት ሸክላ ተሸክማ በመንገዱ እንድታልፍ ጻፈ። ምን ትላለች? ምንም። ምን ታደርጋለች? ታልፋለች። ወይ የሚነገር ነገር እንስጣት ወይ ይውጣ አልኩት። አኩርፎ አወጣው። እኔ የምትናገር ብትሆን እመርጥ ነበር፤ ግን ለቀረጻ የቀረን ጊዜ አልበቃም።

ልብስ ሰፊውን ሐጂ ራሳቸው እንዲጫወቱት ብንለምናቸው እምቢ ብለው ልጃቸውን ላኩልን። ልጁ ትወናው ግሩም ነው፤ መርፌ ላይ ክር ማስገባት ግን ፈጽሞ አይሆንለትም። ስለዚህ ፊልሙ ላይ በቅርበት የሚታየው እጅ የሐጂ ነው። የእጃቸውንም ሒሳብ ለብቻው አስከፈሉን።