የእህቴ ፍላሽ

ዛሬ የእህቴን የመመረቂያ ጽሑፍ ላሳትም ፎቶ ኮፒ ቤት ሄጄ ነበር። ቤት ተመልሼ ፍላሹን ላፕቶፔ ላይ ስሰካው ፋይሎቹ በሙሉ ሾርትከት (አቋራጭ ምልክት ብቻ) ሆነዋል። የስንት ወር ልፋት! እህቴ አለቀሰች። (ተመስገን፣ ቫይረሱ ደብቋቸው እንጂ አላጠፋቸውም፤ ጎረቤታችን አወጣልን።)

አባባ በጣም ተናደዱ። «መንግሥት ለምን ኮምፒውተር ሁሉ አንቲቫይረስ ይኑረው ብሎ አያስገድድም? ለመኪና ቦሎ ግዴታ አይደል እንዴ?»

እውነት አላቸው፣ የተበከለ ኮምፒውተር ለሌላውም ይተርፋል። እኔ ግን ቻይና ትዝ አለችኝ። በ2009 እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ጀምሮ የሚሸጥ ኮምፒውተር ሁሉ «ግሪን ዳም» ከተባለ ሶፍትዌር ጋር እንዲቀርብ ታዞ ነበር። ልጆችን ከወሲብ ምስሎች ለመጠበቅ ነው ተባለ፤ የፖለቲካ ቃላትንም ግን ያግድ ነበር። የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሲፈትሹት ደግሞ፣ ተጠቃሚው የከፈተው ማንኛውም ድረ ገጽ ኮምፒውተሩን ሊቆጣጠር የሚችልበት ቀዳዳ አገኙበት። ዘበኛው ራሱ ለሌባ በር ከፋች! የአገሩ ኮምፒውተር ሁሉ ያንኑ ቀዳዳ ይዞ ቢሆን ኖሮ ብዬ ሳስብ ይዘገንነኛል። ትእዛዙ ሊጀመር አንድ ቀን ሲቀረው ተራዘመ።

ፎቶ ኮፒ ቤት ይለያል፤ በቀን ስንት ሰው ፍላሽ ይሰካበታል። እዚያ ግዴታ ቢኖር እደግፋለሁ። ቤቴ ያለው ላፕቶፕ ላይ ግን ማን ምን እንደሚጭን መወሰን ያለብኝ እኔ ነኝ። ይህንኑ ለአባባ ነገርኳቸው። ገና አልተስማማንም።