ሁለት ቧንቧ በአንድ ጣሪያ፦ የምድጃዬ ሦስተኛ ወር

ባለፈው ያቆምኩት የእንጨት ምድጃውን ገዝቼ ሳሎን ውስጥ ካስቀመጥኩት በኋላ ነበር። ምድጃው እስከ ዛሬ አንድ ፍልጥ አልቀመሰም። ባለቤቴ ቡና ስታፈላ ረከቦቱን አናቱ ላይ ታሳርፍበታለች። «ለዚህማ ጠረጴዛ ይበቃን ነበር» ትላለች። እውነቷን ነው። ግን የዘገየሁት በስንፍና አይደለም፣ ጣሪያው ላይ ነው የተጣበቅኩት።

ለአዲስ አንባቢ ባጭሩ፦ ሼፊልድ ነው ያለሁት፣ እንግሊዝ አገር። ቤቱ አሮጌ ነው፣ ጣሪያው ስሌት የሚባል ስስ ጠፍጣፋ ድንጋይ የለበሰ። የጋዝ ቦይለሩ ከኮርኒሱ በላይ ተሰቅሏል፣ ቧንቧውም ጣሪያውን በስቶ ቀጥ ብሎ ይወጣል። (አዲስ አበባ ቦይለር ሲባል የሻወር ውሃ ማሞቂያው ነው ትዝ የሚለን። እዚህ ግን ቤቱን በሙሉ የሚያሞቀው እሱ ነው።) የምድጃው ጭስ ማውጫም በዚያው በጓሮ በኩል ባለው የጣሪያ ክንፍ እንዲወጣ አስቤ ነበር።

የመጀመሪያው ዕቅዴ ቀላል ነበር። የምድጃውን ቧንቧ ከቦይለሩ ቧንቧ 45 ሳንቲሜትር አርቄ ማቆም። ቁጥሩን ከየት አመጣሁት? የቦይለር መመሪያ ሳገላብጥ አንድ ግድግዳ ላይ ጎን ለጎን በሚወጡ ሁለት የጋዝ ቧንቧዎች መካከል 300 ሚሊሜትር ይበቃል የሚል አየሁ። 450 ደግሞ ከ300 ይበልጣል። አለቀ! ዋጋ ሊነግረኝ የመጣው ባለሙያም ቀና ብሎ አይቶ «የትም ይሁን፣ ችግር የለውም» ብሎኝ ሄደ።

ያስቆመኝ ቦይለሩን በየዓመቱ የሚፈትሸው ልጅ ነው። የኛው አገር ልጅ ነው፣ የጋዝ ሠራተኞች መዝገብ ውስጥ የገባ። ዕቅዴን በኩራት አሳየሁት። ዝም ብሎ አየና፣ «ጋሼ፣ ይሄ ቦይለር አየር ከየት ነው የሚያገኘው?» አለኝ።

«ከክፍሉ ነዋ።»

«ክፍሉንማ አይነካውም። ዝግ እኮ ነው።»

ከዚያ በባትሪ እያበራ አሳየኝ። አንድ የሚመስለው ቧንቧ ሁለት ነው፣ አንዱ በሌላው ውስጥ። በውስጠኛው የተቃጠለው ጋዝ ይወጣል። በሁለቱ መካከል ባለው ክፍተት ደግሞ ንጹሕ አየር ከጣሪያው ላይ ወደ ታች ይሳባል፣ ማራገቢያው ነው የሚስበው። ማለት ያ ቧንቧ አፍም አፍንጫም ነው። እኔ ከአፍንጫው ሥር 45 ሳንቲሜትር ላይ ጭስ ላጨስ ነበር!

የእንጨት ጭስ ደግሞ የጋዝ ጭስ አይደለም። ጥቀርሻ አለው፣ ቅጥራን አለው፣ አንዳንዴ ፍንጣሪ አለው። ይህ ወደ ቦይለሩ ሆድ ከገባ ማቃጠያውንና ማራገቢያውን ያቆሽሻል፣ የጋዙና የአየሩ ምጣኔም ይዛባል። በደንብ ያልተቃጠለ ጋዝ ምን እንደሚያመጣ ከሰል መቶት የሚያውቅ ሰው አይጠይቀኝም። በግልባጩም ችግር አለ። የዛሬ ቦይለሮች ጭሳቸው ቀዝቃዛና እርጥብ ነው፣ ያ ነጭ እንፋሎት ትንሽ አሲድነት አለው። የምድጃውን ቧንቧ ቀን ከሌት ቢያረጥበው ብረቱን አይወደውም። ሁለቱን አንድ ቧንቧ ላይ መቀጠልማ ጨርሶ የማይታሰብ ነው፣ ለየራሳቸው መውጫ ሊኖራቸው ግድ ነው።

«ታዲያ ስንት ልራቅ?» አልኩት። ሳቀ። በእንጨት ምድጃና በቦይለር መካከል ለማንኛውም ጣሪያ የሚሠራ አንድ ቁጥር አትጠብቅ አለኝ። የሁለቱንም አምራቾች መመሪያ አንብበህ ጠበቅ ያለውን ትይዛለህ፣ ከዚያ ከፍታውንና ነፋሱን ታያለህ። የኔ 300 ለሁለት የጋዝ ቧንቧዎች፣ ያውም ለግድግዳ የወጣ ነው። ለእንጨት ጭስ ማንም አልሰጠኝም ነበር።

የከፍታው ነገር ሁለት ማታ ፈጀብኝ። ዶክመንት ጄ የሚባለው የእንግሊዝ የሕንፃ ደንብ መመሪያ ለእንጨት ጭስ ማውጫ ግልጽ ነው። ቧንቧው ከጣሪያው አናት በ600 ሚሊሜትር ውስጥ ከወጣ፣ ከአናቱ ቢያንስ 600 ከፍ ይበል። ከዚያ በታች ከወጣ ግን ጣሪያውን ከበሳበት ቦታ ቢያንስ 1000 ከፍ ይበል፣ በተጨማሪም ከአፉ በአግድም ወደ ጣሪያው ሲለካ 2300 ሚሊሜትር ባዶ ቦታ ይኑረው። ወይም እስከ ጣሪያው አናት ድረስ ይድረስ። እኔ «1000» የሚለውን አይቼ መጽሐፉን ዘጋሁት። «በተጨማሪም» የሚለውን ዘለልኩት።

ጣሪያ ላይ ሳልወጣ እንዴት ለካሁ? ከኮርኒሱ በላይ ገብቼ፣ ውሃ ልኩን አግድም ይዤ፣ ከውሃ ልኩ ጫፍ እስከ ሞራሌው ሜትር ዘረጋሁ። በእያንዳንዱ 100 ሳንቲሜትር አግድም ጣሪያው 70 ሳንቲሜትር ይወጣል። ወደ 35 ዲግሪ መሆኑ ነው። እንግዲህ ቧንቧዬ 1 ሜትር ብቻ ቢቆም፣ ከአፉ በአግድም 1430 ሚሊሜትር ሄደህ የጣሪያውን ድንጋይ ትገጫለህ። 2300 ለማግኘት 2300 በ0.7 ይባዛል፣ 1610 ሚሊሜትር። የኔ መውጫ ከአናቱ በአግድም 3 ሜትር ስለሚርቅ እስከ አናቱ ማድረስ 2.1 ሜትር ይጠይቅ ነበር። 1610ን መረጥኩ። ልጄ ሒሳቡን አይታ «ባባ፣ ይሄ የስምንተኛ ክፍል ነው እኮ» ብላ አሾፈችብኝ። (ጣሪያህ ላይ የሚከፈት መስኮት ካለ ሌላ ሕግ አለው። የኔ የለውም፣ አልፌዋለሁ።)

የቦይለሩ ቧንቧ ከጣሪያው ድንጋይ በላይ ግማሽ ሜትር ያህል ነው የሚወጣው። የምድጃው አፍ ከሱ አንድ ሜትር ከፍ ይላል ማለት ነው፣ ጥሩ ነው። ግን ጭስ ሁልጊዜ ወደ ላይ አይሄድም። በቀዝቃዛና ነፋስ በሌለው ጠዋት፣ በተለይ እሳቱ ሲቀጣጠል፣ ጎረቤቶቼ ጣሪያ ላይ እንደ ጋቢ ተንጠፍጥፎ አይቼዋለሁ። ስለዚህ አንድ ሳምንት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ጓሮ ቆሜ የቦይለሬን እንፋሎት ስመለከት ከረምኩ። እዚህ አገር የሚበዛው ነፋስ ከደቡብ ምዕራብ ነው፣ የኛም እንፋሎት ከሰባቱ ጠዋት በአምስቱ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ተኛ።

ውሳኔዬ እዚህ ላይ መጣ። ምድጃውን ሳሎኑ ውስጥ በ1.4 ሜትር ወደ ሰሜን ምሥራቅ ገፋሁት። ቧንቧውን ከማጣመም ምድጃውን ማዛወር ይሻለኛል፣ ቀጥ ያለ ቧንቧ በደንብ ይስባል፣ ለመጥረግም አያስቸግርም። አሁን በሁለቱ ቧንቧዎች መካከል 1.85 ሜትር አለ፣ የሁለቱም አምራቾች መመሪያ ከሚጠይቀው በላይ። ነፋሱም አብዛኛውን ጊዜ የምድጃውን ጭስ ከቦይለሩ አርቆ ይወስደዋል። የቦይለሩ እንፋሎት ወደ ምድጃው ቧንቧ መንፈሱ አይቀርም፣ ግን በዚያ ርቀት እስኪደርስ ይሳሳል። ከሁለት አንዱ የግድ ከሆነ፣ እርጥብ ብረት ይሻለኛል ጭስ ከሚምግ ቦይለር። ዋጋው የልጄ ቁም ሣጥን ነው፣ ፎቅ ላይ ቧንቧው በሱ ቦታ ስለሚያልፍ ተነሥቷል። አሁን የሚያሾፍብኝ የለም፣ ኩርፊያ ነው።

የቦይለሩን ቧንቧ እኔ አልነካሁትም፣ አልነካምም። ጋዝ የሚነካው መዝገብ ውስጥ ያለ ሰው ብቻ ነው። ምድጃውን የሚተክልልኝን ቀይሬያለሁ፣ የአሁኑ ሥራውን ራሱ ማረጋገጥ የሚችል፣ ሄታስ በሚባለው የምድጃ ተካዮች መዝገብ ውስጥ የገባ ነው። ያለዚያ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ለማዘጋጃ ቤቱ ማሳወቅ ነበረብኝ።

የካርቦን ሞኖክሳይድ (ከሰል ሲመታ የሚመታን ጋዝ) ማንቂያውን ግን በራሴ እጅ ሰቅያለሁ፣ ከምድጃው በአግድም 2 ሜትር፣ ኮርኒሱ ላይ ከግድግዳው 30 ሳንቲሜትር ፈቀቅ ብሎ። መመሪያው ከ1 እስከ 3 ሜትር ይላል። ሌላ አንድ ቦይለሩ ጋ አደረግሁ። ቁልፉን ስጫን የጮኸው ጩኸት ውሻውን ከቤት አስወጣው።

መወጣጫው ቅዳሜ ይቆማል። የቀረኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ የኔ ቧንቧ አምራች ከ1.5 ሜትር በላይ ነጻ የቆመ ቧንቧ በብረት ይደገፍ ይላል፣ እኔ 11 ሳንቲሜትር አልፌያለሁ። አሮጌ ስሌት ላይ ድጋፍ ብረት ያሰረ ካለ፣ ስሌቱ ሳይሰነጠቅ እንዴት እንዳደረገው እስከ ዓርብ ይጻፍልኝ።