ቪትዟ ለምን ትፈላ ነበር?

መኪናዋን ስገዛ ያየሁት ቀለሟን ነው። ደላላው በሯን ከፍቶ ዘጋ፣ ደግሞ ከፍቶ ዘጋ፤ እኔም ድምፁን ሰምቼ ደስ አለኝ። ሊብሬዋን አገላበጥሁ፣ ቦሎዋ መለጠፉን አየሁ፣ ጎማዋን በእግሬ መታ መታ አደረግሁ። የሞተሩንም ክዳን አስከፍቼ ነበር፤ ምን ማየት እንዳለብኝ ግን አላውቅምና አንገቴን ነቅንቄ ዘጋሁት። እንደ ፈረንጆቹ በ2000 የተሠራች፣ ባለ አንድ ሊትር ሞተር ቪትዝ ናት። በ2012 ዓ.ም. የኤክሳይስ ታክስ አዋጁ ከወጣ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ እንዲህ ያለች አሮጊት እንደ እመቤት ትከበራለች። ስለዚህ በዋጋውም ብዙ አልተከራከርሁም።

በሁለተኛው ሳምንት ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ዳገቱን ስወጣ ቀይ መብራት በራ። መኪናዋ የሙቀት መጠን የሚያሳይ ቀስት የላትም፤ ያላት መብራት ብቻ ነው፤ እሱ ሲበራ ደግሞ ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። ዳር ይዤ ብከፍት ትርፍ ውኃ መያዣው እየተንተከተከ ይገነፍላል። እጄን ወደ ራዲያተሩ ክዳን ስሰድ በቆሎ የሚጠብሱ አንዲት እናት ከመንገዱ ማዶ ጮኹ። «ልጄ፣ እንዳትከፍተው! ወንድሜ ፊቱ የተቃጠለው እንዲህ ሲከፍት ነው።» ግማሽ ሰዓት ከአጠገባቸው ተቀምጬ ሁለት በቆሎ በላሁ።

የመጀመሪያው ጋራዥ ሞተሩ እስኪሞቅ ውኃው ወደ ራዲያተሩ እንዳያልፍ የሚዘጋውን ቴርሞስታት አውልቆ ጣለው። «ለእኛ አገር አያስፈልግም» አለኝ ልጁ። ጥቂት ቀን ደህና ሆነችና እንደገና ፈላች። ሁለተኛው ራዲያተሩን አጠበው። ሦስተኛው ሞተሩን እንኳ ሳያስነሣ «ጓርኒሲዮን በልታለች፤ ቴስታታው ወርዶ መላጨት አለበት። ሲከፈት የታይሚንግ ቺንጋውም አብሮ ይቀየራል» ብሎ የወር ደመወዜን የሚያስንቅ ዋጋ ጠራ። ቴስታታ የሚሉት የሞተሩን ራስ ነው፤ ጓርኒሲዮን ከሥሩ ያለው ማሸጊያ፣ የታይሚንግ ቺንጋ ደግሞ የሞተሩን ቫልቮች በሰዓታቸው የሚያስከፍት ቀበቶ ነው።

የጋራዥ ቋንቋችን እንደ ፒያሳ ሕንፃዎች ሁሉ ከጣሊያን የቀረ ነው፤ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ቴስታታ፣ ጓርኒሲዮን። ለማያውቀው ሰው ቃሉ ራሱ ያስፈራል። እኔን ያዳነኝ ግን ቺንጋው ነው። ከዚያ በፊት ባለው ማታ ስለ ሞተሯ ሳነብ አምሽቼ ነበር፤ የእሷ ሞተር ታይሚንግ የሚዞረው በሰንሰለት ነው። ሰውዬው የሌለ ቺንጋ ሊቀይርልኝ ነው! አመስግኜ ቁልፌን ተቀበልሁ።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ሽማግሌ መካኒክ ዘንድ ላከኝ። ጋሼ መፍቻም አላነሡ። «መምህር፣ ጠዋት ሳያስነሷት ትርፍ መያዣው ውስጥ ያለው ውኃ የት ላይ ነው?» አሉኝ።

«ሁልጊዜ ሙሉ ነው።»

«ራዲያተሩስ?»

«ሁልጊዜ ጎድሎ ነው የማገኘው።»

ሳቁ። ሞተሩ እስኪበርድ ጠብቀው የራዲያተሩን ክዳን ከፈቱና ገልብጠው አሳዩኝ። ከሥሩ ያለችው ክብ ጎማ እንደ ገበሬ ተረከዝ ተሰነጣጥቃለች። ከዚያ የዘይቱን ክዳን ከፍተው ውስጡን በጣታቸው ጠረጉ። ጓርኒሲዮን ሲበላ ብዙ ጊዜ ውኃና ዘይት ተደባልቆ ማኪያቶ ይመስላል፤ በጣታቸው የወጣው ግን ንጹሕ ዘይት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች፤ እዚህ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ93 ዲግሪ ገደማ ነው። የሞተሩ ውኃ ደግሞ ከዚያ ብዙም በማይርቅ ሙቀት ነው የሚሠራው። እንዳይፈላ የሚያደርገው ክዳኑ አፍኖ የሚይዘው ግፊት ነው። ክዳኑ ላይ የሚይዘውን ግፊት የሚያሳይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር ይታያል፤ ባለ 0.9 የሆነው በደህና ጊዜው በእኛ ከፍታ ውኃውን እስከ 115 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ያቆየዋል። ሞተሩ ሲበርድ ደግሞ ወደ ትርፍ መያዣው የወጣውን ውኃ መልሶ የሚያስገባው ይኸው ክዳን ነው። የእኔው ግፊት አይዝም፣ መልሶም አያስገባም። ስለዚህ መያዣው ይሞላል፣ ራዲያተሩ ይደርቃል፣ ዳገት ላይ ትፈላለች።

ክዳኑን በተመሳሳይ ቁጥር ቀየርነው፤ ዋጋው ራዲያተር ለማሳጠብ ከከፈልሁት ያንሳል። ቴርሞስታትም አስገቡላት። ያለ እሱ በጎንደር ብርድ ሞተሩ ቶሎ ስለማይሞቅ ለካ ነዳጅ ስትጠጣ የከረመችው ለዚህ ነው። እንደ ጠላ የጠቆረውን ውኃ አፍስሰን ኩላንት፣ ማለት የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ፣ ሞላን።

ዛሬ መኪና የምገዛ ብሆን በማለዳ ሄጄ መጀመሪያ ሞተሩን በእጄ እዳስሳለሁ። ባለቤቱ ቀድሞ አስነሥቶ አሙቆት ከጠበቀኝ ሌላ ቀን እመለሳለሁ። በርዶ ካገኘሁት ራዲያተሩን ከፍቼ አያለሁ፤ ከዚያ በኋላ ቀለሙን ባደንቅ ይደርሳል።

ባትሪና ካንዴላ በጊዜያቸው ተቀየሩ፤ እሱ የሚወራ አይደለም። ባለፈው ሳምንት አራት ሰው ጭኜ ወለቃን አልፌ የኮሶዬን ዳገት ወጣሁ፤ ቀዩ መብራት አልበራም። በማግስቱ ጠዋት መያዣው ውስጥ ያለው ውኃ ከነበረበት መስመር ላይ ቆሞ አገኘሁት። አሁን የቀረችኝ ኮብልስቶን ላይ ስነዳ ከፊት ግራ ጎማ በኩል ቋ ቋ የምትል ድምፅ ናት። አንዱ ቴስቲና (የመሪው መጋጠሚያ) ነው አለኝ፣ ሌላው አሞርዛተር (የመንገዱን ንጠት የሚያበርደው)። ሁለቱም ጎንበስ ብለው አላዩም። ቅዳሜ ጋሼ ዘንድ እወስዳታለሁ።