የቁንጭርን ኢንዛይም ፍለጋ፦ ሰበታ ሆኜ የሠራሁት፣ የተማርኩት

ቁንጭር ፊት ላይ ነው የሚወጣው። አፍንጫ፣ ጉንጭ፣ ከንፈር ላይ። ወራት፣ ሲብስም ዓመታት ይቆያል፤ ሲድንም ጠባሳ ጥሎ ነው። እኔ የምኖርባት ሰበታ፣ ከአዲስ አበባ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ ያለችው ከተማ፣ በሽታው ከሚታወቅባቸው ደጋማ ቦታዎች አንዷ ናት። አምጪው ሌይሽማኒያ ኢትዮፒካ የሚባል ጥገኛ ነው። ከሽኮኮ ወደ ሰው የምታሻግረው የአሸዋ ዝንብ ደግሞ ከትንኝ ታንሳለች፤ ስትበር እንኳ አትሰማም።

ሰፈራችን ውስጥ «የሌሊት ወፍ ሸንቶበት ነው» ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ስለዚህ የማስተርስ ጥናት ርዕስ ምረጥ ስባል ብዙ አላሰብኩም። ጥያቄዬ አንድ ነበር፦ ይህ ጥገኛ ያለሱ መኖር የማይችለው፣ እኛ ግን የሌለን ኢንዛይም የትኛው ነው?

ሐሳቡ የቆየ ነው። ጥገኞችም እንደኛው ምግብ ይፈጫሉ፣ ኃይል ያመነጫሉ፣ ራሳቸውን ይከላከላሉ፤ ይህን ሁሉ የሚሠሩት በኢንዛይም፣ ማለትም የሕዋስን ኬሚካዊ ሥራ በሚያፋጥን ፕሮቲን ነው። ፋንሲዳር የሚባለውን የድሮ የወባ መድኃኒት የምታስታውሱ ትኖራላችሁ። ውስጡ ያለው ሰልፋዶክሲን የወባው ጥገኛ ፎሌት የሚሠራበትን አንድ ኢንዛይም ይዘጋል። እኛ ፎሌት ከጎመንና ከምስር ስለምናገኝ ያ ኢንዛይም ጭራሽ የለንም። ለአሜባና ለጃርዲያ የምንውጠው ፍላጂል መንገዱ ይለያል። እሱን ወደ መርዝ የሚቀይሩት የጥገኛው የራሱ ኢንዛይሞች ናቸው። ይህን ሳውቅ በጣም ነው የገረመኝ። ሁላችንም ቤት የሚገኝ ኪኒን እኮ ነው።

ለሌይሽማኒያ የመረጥኩት ትራይፓኖታይዮን ሪዳክቴዝ የሚባለውን ነው። ነጭ የደም ሕዋሳት ጥገኛውን ውጠው በኦክሲጅን መርዝ ሊያቃጥሉት ይሞክራሉ። እሱ ደግሞ መርዙን የሚያመክንበት ትራይፓኖታይዮን የሚባል ሞለኪውል አለው። ሞለኪውሉ የታወቀው በ1985 እ.ኤ.አ. ነው። ኢንዛይሙ ይህን ሞለኪውል እያደሰ ለሥራ ይመልሰዋል። እኛ በዚህ ቦታ የምንጠቀመው ግሉታታይዮንን ነው፤ የሚያድሰውም ሌላ ኢንዛይም ነው። ችግሩ ሁለቱ ኢንዛይሞች ዘመዳሞች መሆናቸው ነው። የጥገኛውን ስትመታ የሰውየውንም እንዳትመታ።

ሥራው የተጀመረው ላፕቶፕ ላይ ነው። የኢንዛይሙን ቅርጽ የፕሮቲን ቅርጾች ከሚቀመጡበት የኢንተርኔት ማኅደር፣ ከፕሮቲን ዳታ ባንክ፣ በነጻ አወረድኩ። ያገኘሁት የቅርብ ዘመዱን የሌይሽማኒያ ኢንፋንተምን ነው። የተሠራባቸውን አሚኖ አሲዶች ከእኛው ጥገኛ ጋር ፊደል በፊደል አነጻጸርኩ፤ ሞለኪውሉ የሚገባበት ወሳኙ ኪስ ላይ አንድ ናቸው። ከዚያ አውቶዶክ ቪና በሚባል ነጻ ፕሮግራም፣ ከአገራችን ዕፅዋት መገኘታቸው የታተመ ውህዶችን አንድ በአንድ ኪሱ ውስጥ እያስገባሁ የትኛው እንደሚገጥም አየሁ። ይህ ዶኪንግ ይባላል፤ ፕሮግራሙ ለእያንዳንዱ ውህድ ነጥብ ይሰጣል። ፋይል የማወርደው በሌሊት ፓኬጅ ነበር። መብራት ስለሚጠፋ ውህዶቹን በትንንሽ ክፍል ከፋፍዬ፣ የእያንዳንዱ ውጤት እንዳለቀ እንዲቀመጥ አደረግኩ። ጥሩ ኮምፒውተር ከሌላችሁ በዚህ መንገድ መሥራት ይቻላል።

አማካሪዬ ግን ገና ከመጀመሪያው አንድ ነገር ብለውኝ ነበር። «የሰውየውን ኢንዛይም ሳትሞክር ስለ ጥገኛው እንዳታወራኝ።» ከሰማሁት ምክር ሁሉ የሚበልጥብኝ ይህ ነው። እያንዳንዱን ውህድ ሁለቱም ላይ ሞከርኩ። ከዚያ በፊት ደግሞ ፕሮግራሙን ራሱን ፈተንኩት። በክሪስታል ጥናት ቦታው የታወቀ ሞለኪውል ከኪሱ አውጥቼ መልሼ እንዲያስገባው አደረግኩ። ከትክክለኛው ቦታ በሁለት አንግስትሮም (አንዱ የሜትር አሥር ቢሊዮንኛ ነው) ውስጥ ካረፈ ይታመናል፤ ካለፈ ግን የሚሰጣችሁን ቁጥር አትመኑት።

ሁለቱን ኪሶች ስክሪን ላይ ጎን ለጎን አድርጌ ያየሁበት ሰዓት ከሥራው ሁሉ ደስ ያለኝ ነው። የሰው ኪስ ጠበብ ያለና አርጂኒን በሚባለው አሚኖ አሲድ ምክንያት ፖዘቲቭ ቻርጅ ያለው ነው። ስለዚህም ኔጋቲቩን ግሉታታይዮን ይስባል። የጥገኛው ሰፋ ይላል፤ በአንድ በኩል ሌሎች አሚኖ አሲዶች፣ ትሪፕቶፋንና ሜታዮኒን፣ የተሰለፉበት ቅባታማ ግድግዳ፣ በሌላ በኩል ኔጋቲቭ የሆነው ግሉታሜት አለው። እንግዲህ የምንፈልገው ሞለኪውል ሰፊ ቀለበት ያለውና ጫፉ ፖዘቲቭ የሆነ መሆን አለበት። ክሎሚፕራሚን የሚባለው የድብርት መድኃኒት ይህን ኢንዛይም እንደሚዘጋ የታወቀ ስለነበር ማነጻጸሪያ አድርጌዋለሁ። ቅርጹን ስታዩት ልክ እንደዚያው ነው።

ውጤቱ ሲደረደር ከላይ የወጡት ትልልቆቹ ሞለኪውሎች ናቸው። ዶኪንግ ለትልቅ ያዳላል። ነጥቡን ለአቶሞቹ ብዛት ሳካፍለው ሰንጠረዡ ተገለባበጠ። የሰው ኢንዛይም ላይም እኩል የሚጣበቁትን ስጥል ደግሞ የተረፉት ጥቂት ናቸው።

እነዚያን ይዤ አዲስ አበባ ላቦራቶሪ ገባሁ። ጥገኛው በሁለት መልክ ይኖራል። ዝንቧ ሆድ ውስጥ ጅራት ያለው፣ የሚዋኝ ነው፤ ላቦራቶሪ ውስጥ በ26 ዲግሪ ያድጋል። ሰው ውስጥ ግን ጅራቱን አሳጥሮ፣ ክብ ሆኖ፣ ነጭ የደም ሕዋስ ውስጥ ይቀመጣል። በጊምሳ ቀለም የተነከረ ስላይድ ላይ ስታዩት ሐምራዊ እንክብል ነው፤ ውስጡ ሁለት ነጥብ አለ፣ አንዱ ትልቅ፣ አንዱ እንደ ሰረዝ ቀጠን ያለ። ትልቁ ኒውክሊየስ፣ ትንሹ ኪኔቶፕላስት ነው። ሁለቱንም ካላያችሁ ቆሻሻ ሊሆን ስለሚችል አትቁጠሩት። ለጀማሪ ይህን መለየት ዓይን ያደክማል፤ ቀስ እያለ ግን ዓይን ይለምዳል።

ከውህዶቹ አንዱ የሚዋኘውን ገደለ። ነጭ የደም ሕዋስ ውስጥ ያለውን ግን እምብዛም አልነካውም። ምክንያቱ ይገባኛል። ኪሱ የሚወደው ፖዘቲቭ ቻርጅ ነው፤ ቻርጅ ያለው ነገር ደግሞ ሽፋን ሰንጥቆ ማለፍ ይቸግረዋል። እዚህ ላይ የሚያልፈው ሦስት ሽፋን ነው፦ የደም ሕዋሱን፣ ጥገኛው የተቀመጠበትን ከረጢትና የጥገኛውን የራሱን። ኢንዛይሙ የወደደውን በሩ አያስገባውም።

ሌላም አለ። የእንቅልፍ በሽታን በሚያመጣው ዘመዱ ላይ በተሠራ ጥናት፣ ይህ ኢንዛይም አንድ አሥረኛ ያህል እስኪቀር ካልተቀነሰ ጥገኛው ማደጉን አያቆምም። ግማሹን መዝጋት ዋጋ የለውም ማለት ነው። የእኔ ውህድ እዚያ ይድረስ አይድረስ በዶኪንግ ነጥብ አይታወቅም።

አሁን ስለ «ከሰው የተለየ ኢንዛይም» ሲወራ እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ኤፍሎርኒቲን የሚባለውን መድኃኒት ተመልከቱ። በ1990 እ.ኤ.አ. ለእንቅልፍ በሽታ የተፈቀደ ነው። የሚዘጋው ኢንዛይም እኛም አለን፤ ኪሱም ይመሳሰላል። ግን የእኛ ኢንዛይም በደቂቃዎች ፈርሶ በአዲስ ይተካል፤ የጥገኛው ቶሎ አይተካም። መድኃኒቱ የያዘው እንደተያዘ ይቀራል። በተቃራኒው፣ ፖሳኮናዞል የሚባለው መድኃኒት፣ ሌላ የሌይሽማኒያ ዘመድ በሚያመጣው የቻጋስ በሽታ ላይ ጥሩ ኢላማ መትቶ በ2014 እ.ኤ.አ. በታተመው የሕክምና ሙከራ ጥገኛው በአብዛኞቹ ሕሙማን ተመልሷል። ልዩነት ፈልጉ፤ ግን ኢንዛይሙ በምን ፍጥነት እንደሚተካ፣ ምን ያህሉ መዘጋት እንዳለበት፣ መድኃኒቱ የት መድረስ እንዳለበት አብራችሁ ጠይቁ። እንደገና ብጀምር ኖሮ ውህድ ከመምረጤ በፊት ቻርጁንና ሽፋን የማለፍ አቅሙን አስቀድሜ አጣራ ነበር፤ ቀጣዩን ዙር በዚሁ ነው የጀመርኩት።

ጎረቤታችን ያሉ እናት «ልጄ፣ መድኃኒቱ ደረሰ?» ይሉኛል። የልጅ ልጃቸው ጉንጩ ላይ አለበት። «ገና ነው እማማ» እላቸዋለሁ፤ መርፌውን እንዳያቋርጥም አደራ እላለሁ። የአንቲሞኒ መድኃኒት በሌይሽማኒያ ላይ ከተሞከረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፣ ያማል፣ ግን ዛሬ በእጃችን ያለው እሱ ነው። ቻርጃቸው የቀነሰ አዳዲስ ውህዶች ደግሞ በቅርቡ ላቦራቶሪ ውስጥ በኢንዛይሙ በራሱ ላይ ይሞከራሉ። ምርመራው በ412 ናኖሜትር የሚነበብ ቢጫ ቀለም ነው፤ ቢጫው ቶሎ ካልደመቀ ኢንዛይሙ ተዘግቷል ማለት ነው።