የሌሊት ሠራተኞችን ፍሉ ሾት እንዲወስዱ ያግባባሁት እንዴት ነው

ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት የሌሊት ነርስ ነኝ። አብረውኝ ከሚሠሩት ብዙዎቹ ሐበሾች ናቸው። በየዓመቱ ብርዱ ሊገባ ሲል አንድ ወረቀት ይለጠፋል፦ ፍሉ ሾት (የኢንፍሉዌንዛ ክትባት) ያልወሰደ ሠራተኛ ብርዱ እስኪወጣ ማስክ ያድርግ። ብዙው ሰው ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ያልፈዋል። አለቃዬ «እስቲ አንቺ አናግሪያቸው» አለችኝ።

እሺ ያልኩት ነገሩ ስለሚያንገበግበኝ ነው። የምንንከባከባቸው ሰዎች በጣም ያረጁ ናቸው። እነሱ ራሳቸው ቢከተቡም ሰውነታቸው እንደ ወጣት አይከላከልም። የምናጎርሳቸው፣ ከአልጋ የምናነሳቸው እኛ ነን። ፍሉ ደግሞ ምልክቱ ሳይታይ ከአንድ ቀን በፊት ጀምሮ ይተላለፋል። «ሲያመኝ እቀራለሁ» ማለት አይበቃም።

ወረቀት አላደልኩም። ሌሊት የአረጋውያኑ የጥሪ ደወል ጋብ ሲል ቡና እየጠጣን «ለምንድን ነው የማትወስጂው?» ብዬ አንድ በአንድ ጠየቅኩ። ከዚያ ዝም ብዬ ሰማሁ።

በብዛት የሰማሁት «አምና ወስጄ አመመኝ» የሚለውን ነው። አይዋሹም። ክንድ ያማል፤ አንዳንዱን ለአንድ ሁለት ቀን ያተኩሰዋል፣ ይደክመዋል። በመርፌ የሚሰጠው ክትባት ሕያው ቫይረስ ስለሌለው ፍሉ ሊያሲዝ አይችልም። ግን ይህን ብቻ ብናገር ወሬው እዚያው ያበቃ ነበር። አንዷን ጠጋ ብዬ ሳዋራት ቀን ሌላ ቦታ ትሠራለች። አንድ ቀን ከተኛች የቤት ኪራይ ይጎድልባታል። «እህቴ፣ መርፌውን አልፈራሁም፤ ሺፍቴ እንዳያመልጠኝ ነው» አለችኝ። የእንጀራ ጉዳይ ነው።

ስለዚህ ኦፍ (የእረፍት ቀን) ከመውጣቷ በፊት ባለው ሺፍት እንድትወጋ ተስማማን። ሌላም ነገር ነገርኳት። በሜሪላንድ ሕግ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ቀጣሪ የሚከፈልበት የሕመም ፈቃድ መስጠት አለበት። በየ30 የሥራ ሰዓቱ አንድ ሰዓት ይጠራቀማል። ብዙዎቹ ይህን አያውቁም ነበር። ከየትኛውም የክትባት ፖስተር በላይ የሠራው ይህ ሕግ ነው ብዬ አምናለሁ።

አንድ በዕድሜ የገፉ ባልደረባችን ደግሞ «እኔን ፍሉ ይዞኝ አያውቅም» ይሉ ነበር። «ጋሼ፣ እርስዎ ቢቋቋሙትም ሳይሰማዎት ለሌላ ሊያስተላልፉት ይችላሉ» አልኳቸው። አዲስ አበባ ነው ያደጉት፤ ኅዳር 12 ሰፈሩ በጭስ ሲታጠን ያውቃሉ። ያ ልማድ የቆየው በ1911 ዓ.ም. አገር ከፈጀው የኅዳር በሽታ ነው። በሽታው ኢንፍሉዌንዛ እንደነበር፣ ራስ ተፈሪም ታመው እንደዳኑ ስነግራቸው ብዙ ጠየቁኝ። በዚያው ሳምንት ተወጉ።

«ተወግቶም የታመመ አለ» ለሚሉኝ እውነቱን ነገርኩ። ክትባቱ ከሚዞረው ቫይረስ ጋር ጥሩ ሲገጥም ሐኪም ቤት የሚያደርስ ፍሉን ከ40 እስከ 60 በመቶ ይቀንሳል። መቶ በመቶ ነው ያልኳቸው ሰው የለም። ያመኑኝም ለዚህ ይመስለኛል።

ሰዓቱም ችግር ነበር። ክትባቱ የሚሰጠው ቀን ብቻ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ የሠራ ሰው ቢሮ እስኪከፈት አይጠብቅም። አለቃዬን ለምኜ ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ በሚጠብቅ ማቀዝቀዣ ሳጥን ሌሊት እኛው ፎቅ ድረስ እንዲመጣ አደረግን።

ማስኩ ላይ አቋም አለኝ። ቅጣት መሆን የለበትም። እንደ ቅጣት ሲሰጥ ሰው አገጩ ላይ ያንጠለጥለዋል፤ አፍንጫው ውጭ ነው። በካናዳ ኦንታሪዮ በ2015 እ.ኤ.አ. አንድ የሠራተኛና አሠሪ ገላጋይ ዳኛ «ካልተከተብክ ማስክ አድርግ» የሚለውን የአንድ ሆስፒታል መመሪያ ውድቅ አድርጎታል። በኒው ዮርክ ግን ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደንብ ሆኖ ነበር። እኔ ያቀረብኩት ሐሳብ ሌላ ነው፦ የተከተበውም ያልተከተበውም ሲያስለው፣ ወይም ፎቁ ላይ ፍሉ ሲገባ፣ ሁሉም ያድርግ። የተከተበም ሊይዘው ይችላላ! ማስኮቹን በየበሩ አስቀመጥን። የአፍንጫውን ሽቦ መጫንና ሲረጥብ መቀየር እርስ በርስ ማስታወስ ጀመርን። ጆሯቸው ለደከመ፣ ከንፈር እያዩ ለሚሰሙ አረጋውያን ደግሞ ጽፈን እናሳያለን።

እስካሁን እምቢ ያሉ አሉ። አንዷ ጓደኛዬ ናት፤ ማስኳን በሥርዓት ታደርጋለች፤ አልጨቀጭቃትም። ለመጪው ዓመት የሌሊት ክትባቱ ቀን ከእያንዳንዱ ሰው ኦፍ ጋር ተገጣጥሞ ከወረቀቱ ጎን እንዲለጠፍ ጠይቄያለሁ።